የጠራ ውኃ ዕዳ

የውኃን ደግነት የምንለየው በዓይናችን ነው፤ ከጠራ እንጠጣዋለን፣ ከደፈረሰ እንሸሸዋለን። በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት መሐል ያለው የታውፖ ሐይቅ ታሪክ ግን ይህን ልማዳችንን ይፈትነዋል። 616 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ይህ ሐይቅ በጥራቱ የታወቀ ነው። ያሰጋውም ነገር በዓይን አይታይም።

በዙሪያው ያለው የእሳተ ገሞራ አምባ ለረጅም ዘመን ለከብት አይሆንም ነበር። ሣር እያለ ላሙ ይከሳል፣ በጉ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ምክንያቱ ታወቀ፤ አፈሩ ኮባልት የሚባል ማዕድን ጎድሎት ነበር። ኮባልቱ ከፎስፌት ማዳበሪያ ጋር ተቀላቅሎ ተበተነ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ማዳበሪያውን አውሮፕላን ከሰማይ ይነሰንሰው ጀመር። የባቄላ ዘመድ የሆነውና ናይትሮጅንን ከአየር የሚያስገኘው ክሎቨር ከሣር ጋር ተዘራ። ጠፍ የነበረው ተዳፋት ለመለመ። እነዚያን ሰዎች ለመውቀስ አንደበቴ አይታዘዘኝም። ረሃብን የምናውቅ ሰዎች ነንና ጠፍ መሬት ሲለማ ደስ ይለናል።

ሐይቁን የሚያሰጋው ናይትሮጅን ነው፤ አብዛኛው የሚያመልጠው ታዲያ በቀጥታ ከማዳበሪያው አይደለም፤ ከከብቱ ሽንት ነው። ላም ከሣሩ ካገኘችው ናይትሮጅን አብዛኛውን መልሳ ትጥለዋለች። ሽንቷ ባረፈባት ጠባብ ቦታ ያለው መጠን በሄክታር ሲሰላ ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። ይህን ያህል የሚችል ሣር የለም። ትርፉ ናይትሬት ይሆናል፤ ናይትሬት እንደ ፎስፌት ከአፈር ጋር አይጣበቅምና ዝናብ ሲበዛ ሟሙቶ ይሰርጋል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ሐይቁ ሲደርስ ግን አልጌውን ይቀልበዋል፤ ያን ጊዜ ጥራቱ መጥፋት ይጀምራል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄኔ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። የሰረገው ውኃ በከርሰ ምድር ተጉዞ ሐይቁ የሚደርሰው አንዳንዴ ከአስርት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ ከምንጩ የሚፈልቀው በአያት ዘመን ግጦሽ ላይ የዘነበ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ዛሬ ከብቱን ሁሉ ቢሸጥ እንኳ ከሥር ያለው ውኃ መንገዱን አያቋርጥም። ጥፋቱና ውጤቱ በአንድ ሰው ዕድሜ ካልተገናኙ ማን ደንግጦ ይመለሳል?

የአገሩ ሰዎች ግን ሐይቁ እስኪበላሽ አልጠበቁም። ለየእርሻው የናይትሮጅን ጣሪያ ወጣ። ሰው ሊቆጣጠረው ከሚችለው ናይትሮጅን 20 በመቶውን ለመቀነስም ማዕከላዊው መንግሥት፣ ክልሉና ወረዳው 80 ሚሊዮን ገደማ የኒውዚላንድ ዶላር መደቡ፤ ከፊሉ ግጦሽ ወደ ደን ተለወጠ። ይህን ከልቤ አደንቃለሁ። ይሁንና ጣሪያው የተሰፈረው በቀድሞው አያያዝ ስለነበር ብዙ ያፈሰሰ ብዙ ተፈቀደለት፤ መሬታቸውን በደን ያቆዩት የንጋቲ ቱፋሬቶዋ ማኦሪ ባለርስቶች ትንሽ ደረሳቸው። ሐይቁን ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ይህ ፍትሕ አይደለም።

እኛ ዘንድ ወንዙ ራሱ ይናገራል። ዓባይ በክረምት የሚወስደውን አፈር ቀለሙ ያጋልጠዋል፤ እርከን የምንሠራውም ስላየነው ነው። እርከን አፈሩን ያቆማል እንጂ የሟሟውን አያስቀርም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን የወረረው እምቦጭ የሚመገበው ከማሳውና ከከተማው ታጥቦ የሚገባውን ንጥረ ነገር ነው። ሰዉ በጀልባና በእጁ አረሙን ይነቅላል፤ ምግቡ ግን በየገባሩ መውረዱን ይቀጥላል። ጣናን የምትጠብቁ ወገኖች ሆይ፣ የአረሙን ስፋት እንደምትለኩ ሁሉ በየገባሩ የሚወርደውን ናይትሬትና ፎስፌትም ሳታቋርጡ ለኩ፤ ያገኛችሁትንም ለገበሬው ንገሩት።