ጠበቃ ወይስ ምስክር?

ተዋናይና ጠበቃ ሙያቸው ለየቅል ቢሆንም ሰበባቸው አንድ ነው። ሁለቱም የሌላ ሰው ቃል ተሸክመው አደባባይ ይወጣሉ፤ ሲወቀሱ ግን «እኔ ምን አደረግሁ? ቃሉ የእኔ አይደለም» ይላሉ። አንዱ ደራሲውን፣ ሌላው ደንበኛውን ያመለክታል። (በላ ልበልሃ ሲሟገቱ የነበሩት አባቶቻችን ሁለቱን ሙያ ባንድ ዘንግ ይዘው ነበር ብል አጋነንክ አትበሉኝ።) ለመሆኑ ይህ ሰበብ እስከ የት ያስኬዳል? ሁለቱንም በቀመሰ ሰው እንየው።

ሰውየው ጥቁር አሜሪካዊው ፖል ሮብሰን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። በ1898 ተወለደ፤ አባቱ ከባርነት ያመለጠ ሰባኪ ነበር። ሕግ እየተማረ ጎን ለጎን ቴአትር ይሠራ ጀመር፤ በ1923 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የጠበቆች ቢሮ ተቀጠረና ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጸሐፊ ከጥቁር ሰው አፍ እየሰማሁ አልጽፍም አለች። ጥሎ ወጣ። ያች ጸሐፊ ያልሰማችውን ድምፅ በኋላ ዓለም ሰማው፤ በ1943 ብሮድዌይ ላይ የጀመረው «ኦቴሎ» 296 ጊዜ ታየ።

እንግዲህ ወደ ሰበቡ እንመለስ። በ1935 ሮብሰን «ሳንደርስ ኦፍ ዘ ሪቨር» በተባለ የእንግሊዝ ፊልም የአፍሪካ አለቃ ሆኖ ተጫወተ። የአፍሪካን ባህል የሚያከብር ፊልም መስሎት ነበር፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን ቅኝ ገዢን የሚያሞግስ ሆኖ አገኘው። ሙሶሊኒ አገራችንን የወረረውም በዚያው ዓመት ነው! ሮብሰን «እኔ ተዋናይ ብቻ ነኝ» ማለት ይችል ነበር እኮ። አላለም፤ ፊልሙን በአደባባይ ካደው። ስመ ጥር ያደረገውን «ኦል ማን ሪቨር» የተባለውን ዘፈንም ቢሆን፣ መታከትንና ሞትን መፍራትን የሚናገሩትን ስንኞች ለውጦ የትግል አደረጋቸው። ከአፌ ለሚወጣው ተጠያቂው እኔ ነኝ ማለቱ ነበር።

ይህን በማለቱም ዋጋ ከፈለ። በ1950 መንግሥት ፓስፖርቱን ነጠቀው። ስምንት ዓመት ከአገር መውጣት ተከለከለ። በመጨረሻ ያስፈታው ዘፈን አይደለም፤ ሕግ ነው። በ1958 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሠዓሊው በሮክዌል ኬንት ጉዳይ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በሰው እምነት የተነሣ ፓስፖርት የመከልከል ሥልጣን አልተሰጠውም ብሎ አምስት ለአራት ፈረደ። ትቶት የሄደው ሙያ ዞሮ ደረሰለት ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ጀግና ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን በ1949 ሞስኮ ሄዶ ነበር። ወዳጁ፣ በዪዲሽ ቋንቋ የሚጽፈው ባለቅኔ ኢትሲክ ፌፈር ታስሯል። ሮብሰን ካላየሁት አለ፤ ካለበት ሆቴል አመጡለት። ልጁ በኋላ እንደተናገረው፣ ክፍሉ ጆሮ አለው ብለው ፈርተው በምልክትና በብጣሽ ወረቀት ተነጋገሩ፤ ፌፈር መጨረሻው ምን እንደሚሆን ጣቱን አንገቱ ላይ አሳልፎ አሳየው። ሮብሰን በዚያ ሰሞን በሞስኮ መድረክ የፌፈርን ስም በግልጽ ጠርቶ፣ የአይሁዶችን የትግል መዝሙር በዪዲሽ ዘመረ። ድፍረት ነው፤ አይካድም። አገሩ ሲገባ ግን ጋዜጠኞች ጠየቁት፤ እዚያ አይሁድ ይሰደዳሉ የሚባለውን አስተባበለ።

«ጠላት እንዳይጠቀምበት ነው» የሚሉ አሉ፤ ገብቶኛል። ጠበቃም ደንበኛውን አያጋልጥም። ሮብሰን የጥብቅና ቢሮውን ለቀቀ እንጂ ጥብቅናውን አልተወም፤ ደንበኛው አንድ ታላቅ መንግሥት ሆነ። ነገር ግን ጠበቃ የሚያወራው የነገሩትን ነው። በዓይኑ ያየ ሰው ምስክር ነው፤ የምስክር ዝምታ ደግሞ የጠበቃ ዝምታ አይደለም። «ቃሉ የእኔ አይደለም» ማለትን እምቢ ያለ ሰው፣ ዝምታው የማን ነበር ልንል ነው? ከእኛ መካከል ለድርጅቱ ወይም ለወዳጁ ጠበቃ ነኝ እያለ ያየውን የሚውጥ ስንቱ ነው?

ፌፈር በነሐሴ 1952 ተረሸነ። የዚያው ዓመት የስታሊን የሰላም ሽልማት ለሮብሰን ተሰጠ።