የጓዳው ጭስ የማን ዕዳ ነው?

ኢስራፍ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የሠርግ ድግስ ወይም ሳይዘጋ የተተወ ቧንቧ ነው። በጓዳችን በየዕለቱ በከንቱ ስለሚነደው ማገዶስ ጠይቀን እናውቃለንን? «እንጨቱ ከገዛ ጓሮዬ ነው፤ ቢባክን ማን ይጎዳል?» የሚል አባወራ አይጠፋም።

በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ነበልባሉ በየጎኑ ያመልጣል፤ ምጣዱ የሚያገኘው ከሙቀቱ ጥቂቱን ብቻ ነው። ጭሱ ደግሞ የጋጋሪዋን ዓይንና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ሳንባ ይሞላል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። እንግዲህ እንጨቱ የአባወራው ቢሆን እንኳ ሳንባው የእርሱ አይደለም።

ዛፉም ቢሆን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ጌዴኦዎች ቡናንና እንሰትን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው ያሳደጉበት መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ከአያት የተቀበሉት፣ ለልጅ ልጅ የሚያስረክቡት አማና ነው። በዲላ ጓዳዎች የሚነደው ማገዶም ከአንድ ቦታ ተቆርጦ የመጣ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ከጉልቻ ይልቅ የማገዶውን ግማሽ ያህል ሊያድን ይችላል። ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ መክፈት፣ እንጨቱን ፈልጦ ማድረቅ፣ ድስቱን መክደን፣ የ60 ዋቱን አምፖል በ9 ዋት ኤልኢዲ መተካት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ታዲያ ለምን አይደረግም? ብዙ ጊዜ ቤት ሲታደስ በገንዘቡ የሚያዘው ጭሱን የማይተነፍሰው ስለሆነ ነው። ሳሎኑ ቀለም ይቀባል፣ ወለሉ ሊሾ ይሆናል፤ ጓዳው ግን ጥላሸት እንደለበሰ ይቀራል። እንግዳ ለአንድ ሰዓት የሚቀመጥበት ክፍል እናት ዕድሜዋን ከምትጨርስበት ይበልጣልን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል።

ለምድጃ መግዣ የማይተርፈው ድሃ በዚህ አይወቀስም፤ ምድጃውን ገዝቶ የሚሰጠው ጎረቤት ግን መልካም ሶደቃ አደረገ።

አንተ አቅሙ ያለህ ወንድሜ ሆይ! የሚቀጥለውን እድሳት ከጓዳ ጀምር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ከምጣዱ አጠገብ ተቀመጥ። ምን መጠገን እንዳለበት ዓይንህ ይነግርሃል።