ባዶ የቀረው ቦታ

ኤሪት የምትባል ልጅ ተንበርክካ ትጸልያለች። ጠላቷ ሴፊሮት ከላይ ቁልቁል ይመጣና ረጅሙን ሰይፉን ከጀርባዋ ይሰካባታል። የጸጉሯ ማሰሪያ ሲፈታ በውስጡ የነበረችው ትንሽ ሉል ትወድቃለች፤ ከደረጃ ደረጃ እየነጠረች ወርዳ ውኃ ውስጥ ትሰጥማለች። የኤሪት ዜማ እዚያው ላይ ይጀምራል። ወዲያው ውጊያ ይከተላል፤ የተለመደው የውጊያ ሙዚቃ ግን አይመጣም። ተጫዋቹ እየመታና እየተመታ ሳለ ያ ዝግ ያለ ዜማ ከጀርባው መፍሰሱን አያቆምም።

ይህ የሆነው ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን ባወጣው “ፋይናል ፋንታሲ 7” የመጀመሪያ ሲዲ መጨረሻ ላይ ነው። ጨዋታው በ3 ሲዲ የተሸጠ ሲሆን በውስጡ በሰው ድምፅ የተቀዳ ንግግር የለም። ገጸ ባሕርያቱ መንገድ ላይ ሲራመዱ እጃቸው ጣት እንኳ የለውም፤ ካሬ ጉማጅ ነው። በ2015 ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ እንደሚሠራ ተነገረ። በ3 ክፍል ከታቀደው ዳግም ስሪት የመጀመሪያው በ2020፣ ሁለተኛው በ2024 ወጣ። አሁን ኤሪት ትናገራለች፣ ትስቃለች፣ ጸጉሯ በነፋስ ይንቀሳቀሳል። ታዲያ አዲሱ ከቀድሞው ይሻላል?

“ይሻላል” የሚለው ቃል ሚዛን ይፈልጋል። ቢላዋ ከቢላዋ የሚበልጠው በስለቱ ነው፤ መቁረጥ የሚባለው ዓላማ ቢላዋው ከመሠራቱ በፊት የታወቀ ነውና። የጥበብ ሥራ ግን ዓላማውን ይዞ ይወለዳል። ኤሪትን ለመቅበር የሚያገለግል መሣሪያ ከ1997 በፊት ማንም አልፈለገም፤ ሐዘኑም፣ ሐዘኑ የሚለካበት ሚዛንም የመጡት ከራሱ ከጨዋታው ጋር ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው የቪዲዮ ጌም ሁለቱንም መሆኑ ነው፤ መሣሪያም ነው፣ የጥበብ ሥራም ነው። የቆየው ጨዋታ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሰዋስው የሚያፋልስበት ቦታ ነበረው፤ የልጅቷ ስም ራሱ ያኔ “ኤሪስ” ተብሎ ነበር የተጻፈው። እንዲህ ያለውን ማረም ማሻሻል ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ችግሩ መሣሪያው የሚያበቃበትና ሥራው የሚጀምርበት ድንበር ምልክት የሌለው መሆኑ ነው።

ይህን ድንበር ከሁሉ በላይ የሚያሳየው “ፔርሶና 3” ነው። አትለስ በ2006 ለፕሌይስቴሽን 2 ባወጣው በዚህ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ በውጊያ ጊዜ የሚያዝዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዋናውን ወጣት። ጓደኞቹን “አጥቁ” ወይም “ፈውሱ” ብሎ አጠቃላይ ስልት መስጠት ይችላል፤ እያንዳንዱን ርምጃ የሚወስኑት ግን ራሳቸው ናቸው። ሚትሱሩ የምትባለው ገጸ ባሕርይ በአስጨናቂ ሰዓት የማይረባ አስማት እየመረጠች ስንቱን አናድዳለች። በ2024 በወጣው “ፔርሶና 3 ሪሎድ” ተጫዋቹ ሁሉንም በቀጥታ ያዝዛል። አጨዋወቱ እንደተቃና ጥርጥር የለውም። ሆኖም ታሪኩ ከሌሎች ሰዎች ጋር ስለ መተሳሰርና ስለ ሞት ነው። ጓደኛ በሌላ ሰው ጣት የማይንቀሳቀስ ፍጡር መሆኑን የቀድሞው ስሪት በንግግር ሳይሆን በአጨዋወቱ ነበር ያሳየው። ሠሪዎቹ ያን አስበውበት ይሁን አይሁን ተጫዋቹ ላይ የሚደርሰው ስሜት ያው ነው። እንቅፋቱ ሲነሣ ትርጉሙም አብሮ ተነሣ።

ወደ “ፋይናል ፋንታሲ 7” ስንመለስ ሚዛኑ ሌላ ጎኑን ያሳያል። በ1997 ሚድጋር የምትባለው ከተማ የጥቂት ሰዓታት መንገድ ነበረች፤ የ2020ው ስሪት ከ30 ሰዓት በላይ የሚፈጀውን ጨዋታ በሙሉ በእርሷ ላይ ገንብቷል። ጄሲ የምትባለውን ታጋይ እንውሰድ። በቀድሞው ጥቂት ዐረፍተ ነገሮችን ተናግራ ደረጃ ላይ ወድቃ የምትሞት ልጅ ናት። በአዲሱ ተጫዋቹ ወላጆቿ ቤት ይገባል። አባቷ በሺንራ ኩባንያ ሲሠራ ተመርዞ፣ ሳይሞትም ሳይነቃም አልጋ ላይ ተኝቷል። ተጫዋቹ ያን መኝታ ክፍል ካየ በኋላ ጄሲ ስትሞት የምትሞተው ሰው ናት። እዚህ ላይ አዲሱ ይበልጣል ማለት ለእውነት መመስከር ነው።

በዚያው ምዕራፍ ግን ሌላ ነገር ይላላል። ሺንራ በድሆቹ ሰፈር ላይ የተንጠለጠለውን የከተማ ወለል አፍርሶ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይጨፈልቃል። በ1997 ጥፋቱ ድንገተኛና ጅምላ ነው። በ2020 ብዙ ነዋሪዎች አስቀድመው እንዲሸሹ ይደረጋል። ተጫዋቹ ሰፈሩን በቅርበት እንዲወድደው ያደረገ ሥራ፣ ሰፈሩን እስከ መጨረሻው ሊነጥቀው ያልደፈረ ይመስላል።

ከሁሉ የሚደንቀው አዲሱ ስሪት ይህን ጥያቄ ራሱ ማንሣቱ ነው። በታሪኩ ውስጥ ግራጫ ካባ የለበሱ መናፍስት ይዞራሉ። ነገሩ ከተጻፈለት መንገድ ሲወጣ ይመልሱታል። ከጀግኖቹ አንዱ የሆነው ባሬት በሴፊሮት ሰይፍ ሲወጋ ያስነሡታል፤ ያኔ የሚሞትበት ቀን አይደለምና። መጨረሻ ላይ ጀግኖቹ ከእነዚሁ የዕጣ ፈንታ ጠባቂዎች ጋር ተዋግተው ያሸንፋሉ። የፊተኛውን ያልተጫወተ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል፤ የተጫወተው ግን የሚሰበረው የራሱ ትውስታ መሆኑን ያውቃል። በ1997 ገጸ ባሕርያቱን የሣለው ቴትሱያ ኖሙራ የ2020ው ዳይሬክተር ነው፤ ያኔ ዳይሬክተር የነበረው ዮሺኖሪ ኪታሴ አሁን ፕሮዲዩሰር ሆኗል፤ ካዙሺጌ ኖጂማም በሁለቱም ታሪክ ላይ ጽፏል። ሰዎቹ የድሮ ንባባቸውን መልሰው አልገለበጡም፤ ትርጓሜ ነው የጻፉለት። ትርጓሜ ደግሞ ከንባቡ ሊረዝም፣ ሊጠልቅ፣ ሊያምርም ይችላል፤ ንባቡ ሳይኖር ግን መቆም አይችልም።

በ2024ቱ ክፍል ኤሪት ስትጸልይ የምትወጋበት ያ የመሠዊያ ትዕይንት ተመልሶ መጣ። ዋናው ጀግና ክላውድ የሴፊሮትን ሰይፍ ይመክታል፤ ከዚያ ምስሉ ይንቀጠቀጥና ደም ይታያል። ሞተች ወይስ ዳነች? ከዚያ በኋላ ባለው ውጊያ ኤሪት ከክላውድ ጎን ቆማ ትዋጋለች፤ በመጨረሻም እርሱ ያያታል፣ ሌሎቹ አያዩዋትም። ከባድ ሐዘን የደረሰበትን ሰው አእምሮ ከውስጥ ለማሳየት የተደረገ ብርቱ ጥረት ነው። ሆኖም ዋናው ነገር በጭጋግ ተሸፍኗል።

ሮል ፕሌይንግ ጌምን ከፊልም የሚለየው ተጫዋቹ ሰዎቹን በሰዓት ብዛት የሚያሳድጋቸው መሆኑ ነው። ኤሪትን ሌቨል በሌቨል ያሳደጋት፣ መሣሪያ የገዛላት፣ አስማቷን ያበረታላት እርሱ ነው። በ1997 ስትሞት ያ ድካም ሁሉ አብሯት ይሄዳል፤ የሚያስነሣት መድኃኒት የለም፣ የሚመልሳት ምርጫ የለም። ሞትን ሥርዓቱ ራሱ ፈጸመው።

ይህ የትዝታ ጉዳይ ነው የሚል ይኖራል፤ በልጅነቱ የተጫወተው ነገር ለማንም ከሁሉ በላይ ያምርበታል። ትዝታ እንደሚያሳምር እውነት ነው። ነገር ግን በውጊያው ውስጥ የሚዘልቀው ዜማና የማይመለሰው ድካም በተጫዋቹ ልብ ውስጥ ብቻ ያሉ አይደሉም፤ ሲዲው ላይ አሉ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰውም ያገኛቸዋል።

ስለዚህ ከመብለጥና ከማነስ ይልቅ የሚያስፈራው መተካት ነው። ብሊዛርድ በ2020 “ዋርክራፍት 3” የተባለውን የስልት ጨዋታ በአዲስ ስሪት ሲያወጣ፣ የቀድሞውን የገዙ ሰዎችም አዲሱን ፕሮግራም እንዲጭኑ ተገደዱ፤ ቁጣውም ከባድ ነበር። የ1997ቱ “ፋይናል ፋንታሲ 7” ግን ከ2019 ጀምሮ በኒንቴንዶ ስዊች ላይ ሳይቀር ይሸጣል። አንድ ወጣት በአዲሱ ጀምሮ ወደ ቀድሞው መሄድ ይችላል። ጣት በሌላቸው እጆች መጀመሪያ ይገረማል፤ ድምፅ በሌለው ጽሑፍ ውስጥ የሚያውቀውን የኤሪትን ሳቅ ራሱ ይሞላበታል። ከዚያ ሉሏ ትነጥራለች፣ ውጊያው ያልቃል። ቡድኑ 3 ሰው ይይዛል፤ በእርሷ ቦታ ማን እንደሚገባ የሚመርጠው እርሱ ነው።