የልጅነት ጓደኞች መንገዳቸው ሲለያይ

በልጅነት ወራት የተተከለ ወዳጅነት ሥሩ የጠለቀ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ለአባቱ የማይነግረውን ለጓደኛው ይነግራል፤ ከእናቱ የሸሸገውንም ዕንባ በጓደኛው ፊት ያፈሳል። በየጉባኤ ቤቱ የምናየውም ይህንኑ ነው። ሁለት ተማሪዎች በአንዲት ጎጆ ያድራሉ፤ ከመንደር ለምነው ያመጡትን ቁራሽ ይካፈላሉ፤ ሌሊት አንዱ የቃል ትምህርቱን ሲያጠና ሁለተኛው ያዳምጠዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አንዱ ወደ ዜማ ቤት፥ ሌላው ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል፤ ወይም አንዱ በጉባኤው ሲቀር ሌላው ወደ ከተማ ወርዶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ይገባል። በመጀመሪያ መላላኩ ይበዛል፤ ኋላ ይሳሳል፤ በመጨረሻም በተገናኙ ጊዜ የሚነጋገሩት ያጣሉ።

ወላጆች ይህን የልጅ ነገር ነው ብለው ያልፉታል። በልጆቹ ልብ ግን አንዱ «ናቀኝ» ሲል፥ ሌላው «ቀናብኝ» ሲል ይኖራል። ልብ ቂምን መያዝ የሚማረው ብዙ ጊዜ በዚህ ዕድሜ ነውና ነገሩን አቃልለን ልናየው አይገባንም።

ይህ ፈተና ታላላቆቹን አባቶቻችንንም አግኝቷቸዋል። በሃይማኖተ አበው ቃላቸውን የምናነብላቸው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ሁለቱም የቀጰዶቅያ ሰዎች ነበሩ፤ የተወለዱትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ330 ዓ.ም. ገደማ ነው። የሚከተሉትንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር እናስቀምጣለን። በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ አቴና ሄዱ። በዚያች ከተማ አዲስ የመጣውን ተማሪ ነባሮቹ እያፌዙ መቀበል ልማዳቸው ነበር፤ ቀድሞ የደረሰው ጎርጎርዮስ ግን ስለ ባስልዮስ ለምኖ ከዚህ አዳነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ኖሩ፤ በአንድ ማዕድ ተመገቡ። በዚያች ብዙ መዝናኛ ባለባት ከተማም ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራን ከሚወስዱት መንገዶች በቀር ሌላ መንገድ አላወቁም።

የመጀመሪያው መለያየት በ355 ዓ.ም. ገደማ መጣ። ወደ አገራቸው አብረው ለመመለስ ቆርጠው ሳሉ መምህራንና ተማሪዎች ከብበው እንዲቀሩ ለመኗቸው። ባስልዮስ ጸንቶ ሄደ፤ ጎርጎርዮስ ግን በልመናው ተረትቶ ለጥቂት ጊዜ ቀረ። ኀዘኑ ጽኑ ነበረ፤ ፍቅሩ ግን አልተነካም። ባስልዮስ በጰንጦስ ምድር በመነነ ጊዜም ጎርጎርዮስ ወደ እርሱ ሄዶ አብሮት በጸሎት ኖሯል፤ ኋላም ስለ በዓቱ ዳቦ ጥንካሬ እየቀለደ ጽፎለታል።

ሁለተኛው መለያየት ግን ከዚህ የከፋ ነበረ። ባስልዮስ በ370 ዓ.ም. የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። አርዮሳዊው ንጉሥ ዋሌንስ የቀጰዶቅያን አውራጃ ለሁለት በከፈለው ጊዜ የጥያና ጳጳስ አንቲሞስ የባስልዮስን ሀገረ ስብከት እኩሌታ ለራሱ ጠየቀ። ባስልዮስም ቤተ ክርስቲያንን ለመጠበቅ ሲል በ372 ዓ.ም. በየስፍራው አዳዲስ ጳጳሳትን ሾመ፤ ወዳጁን ጎርጎርዮስንም ሳይወድ ሳሲማ በምትባል ስፍራ ላይ ሾመው። ሳሲማም የመንገዶች መገናኛ የሆነች፥ ውኃ የሌለባት፥ አቧራና የሠረገላ ጩኸት የበዛባት ትንሽ መንደር ነበረች። ጎርጎርዮስ ወዳጁ እንደ ዕቃ አንሥቶ ያስቀመጠው ያህል ተሰማው። በሳሲማም አላገለገለም፤ ቅሬታውን ግን በደብዳቤ ለባስልዮስ ለራሱ ገለጠለት። ወዳጅነታቸው ፈጽሞ አልተቋረጠም፤ እንደ አቴናው ዘመንም አልሆነም።

ባስልዮስ በ379 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፈ። ጎርጎርዮስ ታሞ ስለ ነበረ በቀብሩ አልተገኘም። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ግን በቂሣርያ ቆሞ ስለ ወዳጁ ረጅም የውዳሴ ድርሳን ተናገረ። በዚያም የሳሲማን ነገር አልሸሸገም፤ ቁስሉ እንዳልዳነለት በግልጥ ተናገረ። ነገር ግን ባስልዮስ መንፈሳዊውን ጉዳይ ከወዳጅነት በላይ አድርጎ ስለ ማሰቡ ምክንያት ሰጠለት፤ የአቴናውንም ፍቅር አንድ ሳያስቀር መሰከረ።

እንግዲህ ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ መንገድ መለየት በራሱ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ልዩ ጥሪ ይሰጣልና፥ ጓደኛህ ወደ ሌላ ትምህርት ወይም ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ጠላኝ አትበል። ሁለተኛ፥ ወዳጅን ለበጎ ሥራ እንኳ ቢሆን ፈቃዱን ሳይጠይቁ መሣሪያ ማድረግ ያቆስላል። ወዳጅነት የመጠየቅ ዕዳ አለበት እንጂ የማዘዝ ሥልጣን አይሰጥም። ሦስተኛ፥ የተጎዳ ሰው ጉዳቱን ለጎዳው ይንገር እንጂ ወደ ሐሜት አይውሰደው። ሲራክ በ22ኛው ምዕራፍ በወዳጁ ላይ ሰይፍ የመዘዘ እንኳ የመታረቅ ተስፋ እንዳለው፥ ምሥጢር መግለጥ ግን ወዳጅን እንደሚያርቅ ያስተምረናል። ስለዚህ በፍቅር ጊዜ የሰማኸውን በቅሬታ ጊዜ አታውጣ።

ጳውሎስና በርናባስም በማርቆስ ምክንያት እንደ ተለያዩ በሐዋርያት ሥራ በ15ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ነገር ግን ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ ያንኑ ማርቆስን ለአገልግሎት የሚጠቅመው ነውና ይዘኸው ና ብሎ ለጢሞቴዎስ ላከ። የተዘጋ የመሰለ ደጅ እንዲህ ይከፈታል።

እናንተም የንስሐ አባቶችና ወላጆች፥ ልጁ ጓደኛውን አጥቶ ባዘነ ጊዜ አትሣቁበት፤ «ሌላ ታገኛለህ» ብላችሁም አታሰናብቱት። ተቀምጣችሁ ስሙት፤ ስለዚያ ጓደኛው በስሙ ጠርቶ እንዲጸልይ አስተምሩት። ስለ ወዳጁ ዘወትር የሚጸልይ ልብ ቂምን ሊያሳድር አይችልምና። ወጣቶች ሆይ፥ እናንተም የምትልኩት የሰላምታ ቃል ካለ ዛሬ ላኩት። ጎርጎርዮስ ያን ሁሉ ምስጋና የተናገረው ባስልዮስ በሥጋ ጆሮው ሊሰማው በማይችልበት ጊዜ ነበረ፤ እናንተ ግን ወዳጃችሁ ገና በሕይወት ሳለ ልትናገሩት ትችላላችሁ።

የሰላም አምላክ የተለያዩትን ያስታርቅ፤ የራቁትንም በፍቅሩ ያቅርብ።