ድንጋይ የሚሠራ ዛፍ

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ግንባታ ሲናገር እንጨቱን በስሙ ይጠራዋል። ኖኅ መርከቡን ከጎፈር እንጨት እንዲሠራ ታዘዘ፤ ሙሴ ታቦቱን ከግራር አሠራ፤ ሰሎሞን የቤተ መቅደሱን ግድግዳ በሊባኖስ ዝግባ አለበሰ፤ ኪሩቤልንም ከወይራ አስቀረጸ። ለእያንዳንዱ ሥራ የተገባ ዛፍ አለ። ያን ለይቶ ማወቅም ዛፉን የፈጠረውን ማክበር ነው።

የትኛው ዛፍ ለየትኛው ሥራ ይገባል የሚለው ጥያቄ በጋምቤላም አለ። በብርድ አገር ያለ ሰው ፀሐይ ለመሞቅና አበባውን ከውርጭ ለማዳን ከቤቱ ጋር የተያያዘ የመስታወት ክፍል ይሠራል። ጋምቤላ ከተማ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በመጋቢት ሙቀቷ 40 ዲግሪ የሚያልፍ ቆላ ናት። የመስታወት ክፍል እዚህ ሰውንም አበባንም ያቃጥላል። ለባሮ ወንዝ ዳርቻ ሰው የሚበጀው ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ትንኝ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ የተከለለ ሰፊ በረንዳ ነው፤ ችግኝና አበባ የሚደረደርበት፣ ቤተሰብም ሲመሽ የሚቀመጥበት። ቋሚውና ወራጁ ከምን ይሁን?

የዚህ ምድር አየር እንጨትን አጥብቆ ይፈትናል። የበጋው ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ የክረምቱ ዝናብ ያሳብጠዋል፣ ምስጥ ደግሞ ከመሬት ተነሥቶ ከውስጥ ይበላዋል። ከከተማው ወጣ ሲሉ በየሜዳው ከሰው ቁመት በላይ የቆሙ ኩይሳዎች ይታያሉ። አናጢ ምስጥን ቢፈራም፣ ምስጥ የወደቀውን ግንድ ወደ አፈር የሚመልስ የደኑ አገልጋይ ነው። ያለ እርሱ ደኑ በራሱ ሬሳ ይታፈን ነበር።

እንጨትን ከዚህ ሁሉ ፈተና የሚያድነው የዛፉ ልብ ነው። ዛፍ ውኃ ወደ ላይ የሚያሳልፈው በግንዱ ውጫዊ፣ ነጣ ባለው የእንጨት ክፍል ነው። ዛፉ እየወፈረ ሲሄድ ውስጠኛው ክፍል ከዚህ ሥራ ያርፋል፤ ነገር ግን ሕዋሳቱ ከመሞታቸው በፊት ሙጫና መራራ ቅመም አዘጋጅተው በዙሪያቸው ባለው እንጨት ውስጥ ይተዋሉ። የግንዱ መሐል የሚጠቁረውና የሚጠነክረው በዚህ ነው። ሕዋሱ ሞቶ እንኳ ዛፉን ለመቶ ዓመት ይጠብቃል። በዐውሎ ነፋስ መካከል ቀጥ ብሎ የሚቆም ዋርካ ሁሉ የቆመው፣ ሥራቸውን ፈጽመው ባለፉ ሕዋሳት ላይ ነው። ይህን ያሰበ አእምሮ ምንኛ ጥልቅ ነው!

በጋምቤላ ይህ ጥበብ ከፍ ብሎ የሚታይበት ዛፍ ኢሮኮ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ሚሊሺያ ኤክሴልሳ። ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ አህጉሩን አቋርጦ ይመጣና በእኛ ምድር የሰሜን ምሥራቅ ጠርዙን ይነካል። ከአቦቦ እስከ ጎግ ባለው አሸዋማ አፈር ላይ፣ ከ450 እስከ 600 ሜትር ከፍታ፣ በኢትዮጵያ በሌላ ስፍራ የማይገኝ ዓይነት ደን አለ። ዴንማርካዊው የዕፅዋት ሊቅ ኢብ ፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት የደን መጽሐፋቸው ለይተው መዝግበውታል። የደኑ መለያ ባፊያ አቢሲኒካ የተባለው ዛፍ ነው፤ መኖሪያው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያና አጎራባቹ የደቡብ ሱዳን ምድር ብቻ ነው። ከዛፎቹ ሁሉ አናት በላይ ብቅ ከሚሉት ጥቂቶች አንዱ ኢሮኮ ነው። ዘሩ ከሾላና ከዋርካ ወገን ነው።

የኢሮኮ ግንድ ሲሰነጠቅ ልቡ ቢጫ ነው። ብርሃን ሲነካው ከቀን ወደ ቀን እየጠቆረ ወርቃማ ቡናማ ይሆናል። በውስጡ ክሎሮፎሪን የተባለ ቅመም አለ፤ ሻጋታና ምስጥ የሚጠሉት። እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁበት ብዙ አያብጥም፣ ብዙም አይኮማተር። በአውሮፓ ለጀልባ፣ ለበርና መስኮት፣ ለመስታወት ክፍሎችም የሚመረጠው ለዚህ ነው። መጋዝ የሚስብ ሰው ግን አንዳንዴ ድንገት የመጋዙ ጥርስ ሲታጠፍበት ያገኘዋል። በእንጨቱ መካከል ነጭ ድንጋይ አለ። ጠጠር ከውጭ ገብቶ አይደለም፤ ዛፉ ራሱ የሠራው የኖራ ድንጋይ ነው።

የስዊዘርላንዱ የኑሻቴል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮትዲቯር ይህ ድንጋይ በዛፉና በሥሩ ባለው አፈር እንዴት እንደሚበጅ መርምረዋል። ዛፉ ከአየር የሳበውን ካርቦን ከአፈር ከወሰደው ካልሲየም ጋር አጣምሮ ኦክሳሌት የተባለ ረቂቅ ክሪስታል ያበጃል። ቅርንጫፉና ቅጠሉ ሲበሰብስ ሻጋታው ክሪስታሉን ነጻ ያወጣል፤ በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል፤ ከእነርሱ ሥራ በኋላ ካርቦኑ ወደ ኖራ ድንጋይነት ይለወጣል። በዛፉ ሥር የነበረው ጎምዛዛ አፈርም ይለዝባል። ቅጠል በበሰበሰ ጊዜ ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል፤ ድንጋይ የሆነው ግን ለብዙ ዘመን በምድር ይቀመጣል። ዛፍ፣ ሻጋታና ባክቴሪያ ሳይተዋወቁ በአንድ ሥራ ላይ ተሰልፈዋል። ያሰለፋቸው ግን ያውቃቸዋል።

ኢሮኮ ወንድና ሴት ዛፍ ለየብቻ አለው። ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ናት፤ እርሷም የምታፈራው ወንዱ በነፋስ ሊደርስባት በሚችል ርቀት ካለ ነው። እንጆሪ የሚመስለውን ለስላሳ ፍሬዋን ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ይመገቡታል፤ ደቃቁን ዘር ይዘው ይበርሩና ርቆ ባለ ስፍራ ይጥሉታል። ሰው ሊያለማው በሞከረባቸው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ደግሞ ኢሮኮን ለብቻው በሰልፍ ሲተክሉት አንዲት ትንሽ ነፍሳት ቡቃያውን እያሳበጠች ታደርቀዋለች። ከሌሎች ዛፎች ጋር ተቀላቅሎ ሲያድግ ግን የተሻለ ያመልጣታል። ይህ ኃያል ዛፍ ያለ ጎረቤት አይኖርም ማለት ነው።

እንግዲህ ለበረንዳው ኢሮኮ እንቁረጥ? እንጨቱ ይገባል፤ እኛ ግን አይገባንም። አንዲት ሴት ኢሮኮ ስትወድቅ የምትጠፋው እርሷ ብቻ አይደለችም። የሌሊት ወፉ ማዕድ፣ የወንዱ ዛፍ ዘር፣ ከሥሯ የሚበጀው ድንጋይም አብረው ይጠፋሉ። ዋንዛስ? ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ መልኩ ያማረ እንጨት ነው። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ዋንዛን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ መከልከሉ በምክንያት ነበር፤ በየቦታው ተመናምኗል። በዚሁ በጋምቤላ ክልል ያለውን የማጃንግን ደን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡም የአካባቢው የደን ሀብት ተራ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

መልሱ በየመንገዱ ዳር ቆሟል። ጋምቤላ ከተማን ከፀሐይ ካጠለሏት ዛፎች አንዱ ከእስያ የመጣው ኒም ነው። ከማሆጋኒ ወገን ነው፤ ልቡ ቀላ ያለ፣ መራራነቱም ምስጥን የሚከላከል ነው። በፍጥነት ያድጋል፣ ድርቅን ይችላል፣ በግቢ ይተከላል። የጫካው ዛፍ የመቶ ዓመት ሥራ ሲሆን፣ ኒም ግን የተከለው ሰው በራሱ ዕድሜ የሚያጭደው በረከት ነው።

በኒም የምትሠሩ ሁሉ ይህን አትርሱ። ያረጀውን ዛፍ ምረጡ፤ ልብ የሚኖረው እርሱ ነውና። ነጣ ያለውን የውጭ ክፍል ለቋሚ አታውሉት፤ ምስጥ የሚጀምረው ከእርሱ ነው። ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ ደርድራችሁ፣ በጥላ ሥር በደንብ አድርቁት። ቋሚውን አፈር ውስጥ አትቅበሩት፤ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ አቁሙት። ቆርቆሮውን ከበረንዳው አልፎ እንዲወጣ አድርጉ፤ ዝናብ እንጨቱን እንዳይመታው። አንድ በቆረጣችሁበት ስፍራ ሁለት ትከሉ። የአቦቦንና የጎግን ኢሮኮ ግን ለሠራው ተዉለት፤ ልጆቻችሁንም ወስዳችሁ አሳዩአቸው፤ ከቆመበት ሥር ሆነው ፈጣሪን ያመስግኑበት።