ቀለም የተሰጠው ሰማይ ይመሰክራልን?

ለመሆኑ ዓይን አይቶት የማያውቀውን ቀለም በፎቶግራፍ ላይ ማሳየት ማታለል ነውን? ጥያቄው የቅንጦት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የአላህን (ሱ.ወ) ኃያልነት ለማስረዳት የሰማይ ሥዕሎችን የምንጠቅስ ብዙዎች ነንና ምን እንደምንመሰክር ማወቅ ይገባናል።

በጥር ወር ምሽት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው ደጋ ላይ የቆመ ሰው፣ በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብትን ያያል። ከእነርሱ ዝቅ ብላ ጭጋግ የመሰለች ነጥብ አለች። የኦርዮን ኔቡላ ናት፤ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል የምትርቅ የጋዝና የአቧራ ደመና። ለዓይን ግራጫ ናት። ካሜራ ግን ብርሃኗን ለረጅም ጊዜ ሲያጠራቅም ቀይ ሆና ትወጣለች። ታዲያ የዋሸው ማን ነው? ማንም አልዋሸም፤ የሰው ዓይን በጨለማ ቀለም መለየት ይሳነዋል።

ከባዱ ጉዳይ የማጣሪያው ነው። ጠባብ ማጣሪያ ከመላው ብርሃን አንዲት ቀጭን ክፍል ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት ሲሆን፣ ለምሳሌ የሃይድሮጅኑ 656 ናኖሜትር ላይ ያለውን ብርሃን ይመርጣል። የከተማን መብራት በአብዛኛው ስለሚያግድም፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች እንደቆሙበት እንደ እንጦጦ ላለ ለአዲስ አበባ ቅርብ ለሆነ ሥፍራ ይበጃል። ሥዕሎቹ ጥቁርና ነጭ ሆነው ይነሱና ቀለሙን ሰው ይሰጣቸዋል። ከቀይ በታች ያለውን ብርሃን (አቧራውን ዘልቆ የሚያልፈውን) ስናነሳማ ዓይናችን ጨርሶ ስለማያየው «ትክክለኛ ቀለም» የሚባል ነገር የለም።

በሙስሊሞች ዘንድ ለዓመታት የተዘዋወረች አንዲት ሥዕል አለች። ሐብል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1994 ያነሳት፣ «የድመት ዓይን» የተባለችው ኔቡላ ናት። ጽጌረዳ ስለምትመስል በሱረቱ አር-ረሕማን ስለ ሰማይ መሰንጠቅ ለተወሳው ማስረጃ ተደርጋ ቀረበች። አንቀጹ የሚናገረው ገና ስለሚመጣው ቀን ነው፤ ኔቡላዋ ግን አንድ ያረጀ ኮከብ የተፋው ጋዝ ናት። ቀለሟም ቢሆን የሃይድሮጅኑ ቀይ፣ የናይትሮጅኑ አረንጓዴ፣ የኦክስጅኑ ሰማያዊ እንዲሆን ተመርጦ የተሰጠ ነው። የሚገርመው፣ በማጣሪያዎቹ ያለፉት ሦስቱም ብርሃኖች በተፈጥሯቸው ቀይ ናቸው!

ሳይንቲስቶቹ ይህን አልደበቁም፤ ከሥዕሉ ጋር ጽፈው አውጥተውታል። ጽሑፉን ቆርጠን የጣልነው እኛ አሰራጮቹ ነን። ሠርገኛ ጤፍን ሠርገኛ ብሎ የሸጠ ነጋዴ ማንንም አላታለለም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የወቀሱት ሰው እህሉ ዝናብ ስለነካው ሳይሆን፣ እርጥቡን ከሥር ስለደበቀው ነበር። አብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የከዋክብት መጽሐፉን ሲያዘጋጅ እያንዳንዱን ስብስብ ሁለት ጊዜ ሣለ፦ አንዱን ከምድር እንደሚታየው፣ ሌላውን በሉል ላይ እንደሚታየው። የትኛው የትኛው እንደሆነም ለአንባቢው ገለጸ።

ያልመጣን ብርሃን በኮምፒውተር መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን የትኛውም የግርጌ ጽሑፍ አያድነውም። ለመጣው ብርሃንማ «ቀዩ ሃይድሮጅን፣ አረንጓዴው ናይትሮጅን፣ ሰማያዊው ኦክስጅን» ብሎ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል።