ቦታው ሰው አለው

አንድ ሰኞ በርበሬ ልገዛ ደሴ ሰኞ ገበያ ወርጄ ነበር። በርበሬው ከበርበሬ፣ እህሉ ከእህል፣ ጨውም ከጨው ጋር በየተራው ተደርድሯል። ጨው ተራ መሐል ግን አንዲት ክፍት ቦታ ነበረች። አንድ ነጋዴ ጆንያውን ሊያሳርፍባት ሲል ሴቶቹ «ቦታው ሰው አለው!» ብለው መለሱት። ባለቤቷ በዕለቱ አልመጣችም፤ ቦታዋ ግን ተጠበቀላት።

ነገሩ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ እናየው የነበረውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ አስታወሰኝ። ሩሲያዊው ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ያኔ የታወቁትን ንጥረ ነገሮች በአቶም ክብደታቸው ደረደረ፤ በጠባይ የሚመሳሰሉትንም አንድ ቤተሰብ አደረገ። ሶዲየም ከፖታሲየም፣ ክሎሪን ከአዮዲን ጋር ዋለ። አንዳንድ ቦታ ላይ ግን የሚገጥም አልተገኘም። ቀጥሎ ያለውን ገፋ አድርጎ ቢያስገባ ሰንጠረዡ የሞላ ይመስል ነበር። እሱ ግን ክፍት ተወውና የሚመጣውን ንጥረ ነገር ጠባይ ተነበየ። ጋሊየም በ1875፣ ስካንዲየም በ1879፣ ጀርመኒየም በ1886 ተገኝተው ቦታቸውን ያዙ።

እዚያው ላይ ግን ተሳስቷል። ቴሉሪየም ከአዮዲን ይከብዳል፤ ጠባያቸውን አይቶ ቴሉሪየምን ማስቀደሙ ልክ ነበር። ምክንያቱን ግን «ክብደቱ በስህተት ተለክቶ ነው» ሲል ሞላው። ልኬቱ ስህተት አልነበረበትም። ትክክለኛው መደርደሪያ ክብደት ሳይሆን የአቶም ቁጥር፣ ማለትም የፕሮቶን ብዛት መሆኑ የታወቀው እንግሊዛዊው ሞዝሊ በ1913 ካደረገው ምርምር ወዲህ ነው። ሰውየው ባዶ በተወው ተከበረ፤ ቸኩሎ በሞላው ተሳሳተ።

ታዲያ «አላውቅም» ማለት ድክመት ነው ወይስ ታማኝነት? እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። አንድ ጊዜ ስለ ዋጋ መናር ስጽፍ ምክንያቱን አላወቅሁም። ወሬው ወደ አንድ ነጋዴ ይጠቁም ነበርና ባዶውን በእሱ ስም ሞላሁት። በኋላ ማረሚያ ወጣ፤ ሰውየው ያጣውን ደንበኛ ግን ማረሚያው አልመለሰለትም።

ባዶ መተው ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። ሳይመረምሩ ከተዉት አዎን፣ ስንፍና ነው። ሜንዴሌቭ ግን ዙሪያውን ጠንቅቆ ስላጠና ነው የጎደለውን ለይቶ ያወቀው።

ዑለሞቻችን ብዙ መርምረው ፈትዋ ከሰጡ በኋላ «ወላሁ አዕለም» ይላሉ። ብዙዎቻችን እንደ ማሳረጊያ ብቻ እንሰማታለን። ለእኔ ግን የማያውቁትን ቦታ በአማና መጠበቅ ናት።

ወላሁ አዕለም።